የሚያሰጋው የሞተው ትል ነው፦ ስለ ውሻ የልብ ትል ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ውሻ የልብ ትል የሚጠይቁ ናቸው። ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የጻፉልን ስለ ሕክምናው፣ ከአገር ቤት የጻፉልን ደግሞ ስለ መድኃኒቱና ስለ ምርመራው ነው የሚጠይቁት። መልሶቹ ሁሉ የትሉን የዕድገት ጊዜ ስለሚጠቅሱ እሱን እናስቀድም።

የልብ ትል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዲሮፊላሪያ ኢሚቲስ፣ ከውሻ ወደ ውሻ በቀጥታ አይተላለፍም። የምታስተላልፈው ቢምቢ ናት። ቢምቢዋ ከታመመ ውሻ ደም ስትመጥ ማይክሮፊላሪያ የሚባሉትን ጥቃቅን የትል ልጆች አብራ ትወስዳለች። 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ በሰውነቷ አድገው ሦስተኛ ደረጃ እጭ ይሆናሉ። ሌላ ውሻ ስትነክስ እጩ በንክሻው ቀዳዳ ይገባል፤ ከ3 ቀን ጀምሮ ወደ አራተኛ ደረጃ ይለወጣል፤ ከ50 እስከ 70 ባሉት ቀናት ወጣት ትል ይሆናል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ውስጥ ሳንባ ደም ቅዳ ይደርሳል። ከገባ ከ6 እስከ 7 ወር ሲሞላው ራሱ ማይክሮፊላሪያ መውለድ ይጀምራል። ሴቷ ትል ከ25 እስከ 31 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ ውሻ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ዓመት ትኖራለች።

ጥያቄ፦ ውሻችን ቡቺ 4 ዓመቱ ነው፤ 25 ኪሎ ይመዝናል። አንዳንዴ ያስለዋል እንጂ ጤነኛ ይመስላል። ለክትባት ስንወስደው በደም ምርመራ የልብ ትል ተገኘበት። ሐኪሟ ክኒን አዘዙለትና ትሉን የሚገድለውን መርፌ የሚወጉት ከሁለት ወር በኋላ እንደሆነ ነገሩን፤ እንዳይሮጥም አስጠነቀቁን። ትሉ ውስጡ እያለ ሁለት ወር ሙሉ መጠበቅ ምን የሚሉት ሕክምና ነው? — ከሂውስተን፣ ቴክሳስ

መልስ፦ ሐኪሟ ልክ ናቸው። ትሉን መግደል ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከሞተ በኋላ ያለው ነው። የሞተ ትል ከውሻው ሰውነት መውጫ የለውም። ደሙ እየገፋ ወደ ሳንባው ቀጫጭን ቧንቧዎች ይወስደዋል፤ እዚያ ይሰነቀራል፤ ዙሪያውን ደም ይረጋበታል፤ ከዚያ ሰውነት ለሳምንታት እየሸረሸረ ያጠፋዋል። በእነዚህ ሳምንታት ውሻው ቢሮጥ ልቡ ብዙ ደም ወደ ተደፈነው ሳንባ ለመግፋት ይታገላል። በሕክምናው ወቅት የሚሞቱት ውሾች በአብዛኛው የሚሞቱት በዚህ ነው። የሁለቱ ወር ሥራም ትሎቹን አክስቶና አዳክሞ ለመርፌው ማዘጋጀት ነው።

አሁን የምንዘረዝረው በ1974 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ የልብ ትል ማኅበር የሚመክረው አካሄድ ነው። በመጀመሪያ ውጤቱ ይረጋገጣል። የአንቲጂን ምርመራው ያደገች ሴት ትል የምትለቀውን ፕሮቲን ነው የሚያየው። ደሙ ውስጥ ማይክሮፊላሪያ ከታየ ነገሩ አለቀ፤ ካልታየ በሌላ ፋብሪካ ኪት ይደገማል። በአንድ ኪት ውጤት ብቻ ትሉን የሚገድለው የአርሴኒክ መርፌ (ሜላርሶሚን) አይወጋም። የደረት ራጅም ያስፈልጋል፤ የሳንባ ደም ቅዳዎቹ ምን ያህል እንደሰፉ የሚያሳየው እሱ ነው።

ከዚያ ለ28 ቀን ዶክሲሳይክሊን፣ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፤ ለቡቺ ጠዋት 250፣ ማታ 250 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ይህ አንቲባዮቲክ ትሉን በቀጥታ አይገድልም። ዒላማው ትሉ ውስጥ የሚኖር ወልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ትሉ ያለ ባክቴሪያው መኖር ይቸግረዋል፤ ይከሳል፤ ሴቷም ትመክናለች። ሌላም ጥቅም አለው፦ ትሉ በሚሞትበት ጊዜ ሳንባውን በእጅጉ የሚያስቆጣው ከውስጡ የሚፈስሰው ወልባኪያ ስለሆነ ባክቴሪያው ቀድሞ ሲያልቅ ጉዳቱ ይቀንሳል። ክኒኑን ከምግብ ጋር ስጡት፤ በወተትና በአይብ ግን አይሁን፤ ካልሲየም መድኃኒቱን ይይዘዋል። ከዋጠ በኋላ ውኃ ይጠጣ፤ ጉሮሮው ላይ ከቀረ ያቆስላል። ማስመለስ ካበዛ ራሳችሁ ከማቋረጥ ሐኪሟን ጠይቁ፤ መጠኑን ወደ 5 ሚሊ ግራም በኪሎ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ቡቺ ስለሚያስል የሳንባውን ቁጣ የሚያበርድ ፕሬድኒሶን ሳይታዘዝለት አይቀርም፤ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም፣ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለቴ፣ በሁለተኛው አንዴ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው በየሁለት ቀኑ። አዲስ የገባውን እጭ የሚገድለው ወርኃዊ መከላከያ መድኃኒትም ከመጀመሪያው ቀን ይጀመራል። ደሙ ውስጥ ማይክሮፊላሪያ ካለ የመጀመሪያው መጠን ክሊኒክ ውስጥ ይሰጥና 8 ሰዓት ያህል ይታያል፤ ብዙ ማይክሮፊላሪያ በአንድ ጊዜ ሲሞት ውሻው ሾክ ውስጥ ሊገባና ራሱን ሊስት ይችላልና።

ሁለተኛው ወር ምንም ያልተሠራበት ይመስላል፤ ባለቤቶች የሚያጉረመርሙበትም እሱ ነው። ሁለት ጉዳይ ይፈጸምበታል። የወልባኪያው ቅሪት ይጠራል፤ ትሎቹም መክሳታቸውን ይቀጥላሉ። ሁለተኛው የዕድሜ ክፍተት ነው፦ መከላከያው የሚገድለው ሁለት ወር ያልሞላውን እጭ ሲሆን መርፌው በደንብ የሚሠራው አራት ወር ገደማ በሞላው ትል ላይ ነው። በመሐል ያሉት ከሁለቱም ያመልጣሉ። መከላከያው ሁለት ወር አዲስ የገባውን እጭ ሳያድግ ሲገድል በመሐል የነበሩት አድገው መርፌው የሚደርስባቸው ይሆናሉ።

በ61ኛው ቀን የመጀመሪያው የሜላርሶሚን መርፌ ይወጋል፤ መጠኑ በኪሎ 2.5 ሚሊ ግራም ነው። 50 ሚሊ ግራሙ ዱቄት በ2 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የመርፌ ውኃ ሲበጠበጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 25 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ለቡቺ 2.5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ ብልቃጥ በላይ ያስፈልገዋል። የሚወጋው በጀርባው ጡንቻ፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል፣ በጥልቀት ነው። ቆዳ ሥር ከፈሰሰ ያብጣል፤ መግልም ሊይዝ ይችላል። በትክክል ተወግቶም ከሦስት ውሾች አንዱ ገደማ ቦታው ያመዋል፤ ጀርባውን አትንኩበት። በ90ኛው ቀን ሁለተኛው፣ በ91ኛው ቀን ሦስተኛው በሌላው ጎን ይሰጣል። መጀመሪያ አንድ ብቻ መወጋቱ ትሎቹ በሁለት ዙር እንዲሞቱ ነው። የሦስቱ መርፌ አካሄድ 98 በመቶ ያህሉን ትል ያጠፋል፤ በሁለት መርፌ ብቻ የሚደረገው 90 በመቶ ገደማ ነው።

ከመርፌ በኋላ በተለይ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ዓይናችሁን አትንቀሉበት፤ አደጋው እስከ አራት ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል። ትኩሳት፣ የባሰ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ምግብ መተው ከታየ ሳታሳድሩ ውሰዱት። ሽንቱ እንደ ቡና ከጠቆረና ድዱ ከነጣ ደግሞ ትሎቹ ወደ ልቡ ቀኝ ክፍል ተመልሰው የደሙን መንገድ ዘግተዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ መርፌም ክኒንም አይጠቅመውም። በአንገቱ ደም መልስ ረጅም መቆንጠጫ ገብቶ ትሎቹ አንድ በአንድ የሚሳቡበት ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው የሚያድነው።

ዕረፍት ማለት ግቢ ውስጥ መፍታት አይደለም። ለሽንት ብቻ፣ አጭር ገመድ ላይ ሆኖ፣ በእርምጃ ይወጣል። ደረጃና ሶፋ መዝለል፣ ኳስ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር መሮጥ ሁሉ ይቀራል። በር ላይ የሚያብድ ውሻ ከሆነ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ክፍል አስገቡት፤ ካልሆነም ሐኪሟ ማረጋጊያ ሊያዙ ይችላሉ። ጊዜው ከምርመራው ቀን እስከ መጨረሻው መርፌ፣ ከዚያም ሌላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ ድምሩ አምስት ወር ሊጠጋ ነው። ሕክምናው ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች ዋናው ውሻው ደህና መሰለ ተብሎ መለቀቁ ነው።

በ120ኛው ቀን ገደማ የማይክሮፊላሪያ ምርመራ ይደረጋል። የአንቲጂኑ ግን የመጨረሻው መርፌ 9 ወር ሳይሞላው አይደገም፤ የሞቱት ትሎች ቅሪት ገና ሳይጠፋ ቢመረመር መድኃኒቱ አልሠራም የሚያሰኝ ውጤት ሊያወጣ ይችላል።

ሜላርሶሚን በማይገኝበት አገር፣ ወይም ውሻው መርፌውን በማይችልበት ጊዜ ሌላ አማራጭ አለ፦ ዶክሲሳይክሊን ለ28 ቀንና ቆዳ ላይ የሚፈስስ ሞክሲዴክቲን የተባለ መከላከያ በየወሩ፤ በየስድስት ወሩ እየተመረመረ። ይሠራል፤ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ግን ሳንባው በትሎቹ መጎዳቱን ይቀጥላል፤ የዕረፍቱም ጊዜ አብሮ ይረዝማል። መርፌው በእጃችሁ እያለ ይህን መምረጥ አይመከርም።

ጥያቄ፦ የውሻችንን ወርኃዊ ክኒን በብርዱ ወራት ለሦስት ወር አቋረጥን። አሁን ሁለት ክኒን ደርበን ብንሰጣት ይካካሳል? ደግሞ ትሉ መድኃኒቱን ለምዷል የሚባለው እውነት ነው? — ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

መልስ፦ አይካካስም። ክኒኑ የሚጠብቀው የሚመጣውን ወር አይደለም፤ ባለፉት 30 ቀናት የገባውን እጭ ነው የሚያጸዳው። ዕድሜው ሁለት ወር ወደ መሙላት ከተጠጋ ትሉ መጠኑ ቢጨመርም አይሞትም። ዛሬውኑ አንድ ክኒን ስጧት፤ በየወሩም ቀጥሉ። አሁን አስመርምሯት፤ ከስድስት ወር በኋላ ድገሙ። የዛሬው ውጤት ነጻ ቢላት ስለ ሦስቱ ወራት የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ በእነሱ ውስጥ የገባ ትል በምርመራ ለመታየት ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል። በአትላንታ ደግሞ ቢምቢ በብርዱ ወራት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ መከላከያው ዓመቱን ሙሉ ነው።

መላመዱ እውነት ነው። በታችኛው የሚሲሲፒ ሸለቆ ከተወሰዱ ትሎች መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ዝርያዎች በቤተ ሙከራ ተረጋግጠዋል። የሚጠናበትን መንገድ ማወቅ ነገሩን ያጠራዋል። ተመራማሪዎች የታመመ ውሻን ደም ለቢምቢ ይመግባሉ፤ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ከቢምቢዎቹ ሦስተኛ ደረጃ እጭ ይሰበስባሉ፤ ብዙ ጊዜ 50 እጭ ቆጥረው ንጹሕ ውሻ ቆዳ ሥር ያስገባሉ። ከ30 ቀን በኋላ አንዱ ቡድን መከላከያውን ያገኛል፤ ሌላው አያገኝም። ከአምስት ወር ገደማ በኋላ በሁለቱም ቡድን ሳንባና ልብ ውስጥ ያሉት ትሎች ይቆጠራሉ፤ ይህም ውሾቹ ከተገደሉ በኋላ የሚደረግ ነው። ዋጋው ከባድ ስለሆነ ውሻ ሳይገደል በማይክሮፊላሪያ ቆጠራና በትሉ ዘረመል ላይ የሚደረጉ ጥናቶች እየተበራከቱ ናቸው፤ መሆንም ያለበት ይኸው ነው። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ያለ ማዕከልም የልብ ትልን ጨምሮ የፊላሪያ ትሎችን እያረባ ለተመራማሪዎች ያቀርባል፤ ሁሉም የየራሱን ውሻ እንዳይበክል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ክኒን እየወሰዱ ከሚታመሙት ውሾች አብዛኞቹ የሚታመሙት ክኒኑ በመዘለሉ፣ ውሻው በመትፋቱ ወይም ክብደቱ ጨምሮ መጠኑ በማነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለከብት የሚሸጠው አይቨርሜክቲን ርካሽ ነው። ለግቢ ውሻችን መከላከያ ብለን ብንወጋው ምን አለበት? አዲስ አበባስ ይህ በሽታ ያሰጋል? — ከአዲስ አበባ፣ ለሚ ኩራ

መልስ፦ ስሌቱን እዩትና ፍረዱ። የውሻ መከላከያ መጠን በኪሎ 6 ማይክሮ ግራም ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 120 ማይክሮ ግራም። የከብቱ 1 በመቶ መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር 10,000 ማይክሮ ግራም ይይዛል። ስለዚህ ውሻው የሚያስፈልገው 0.012 ሚሊ ሊትር ነው፤ በተራ ሲሪንጅ የማይለካ። አንድ ሚሊ ሊትር የወጋ ሰው ከ80 እጥፍ በላይ ሰጥቷል። በውኃ ላቅጥነው ብትሉ መድኃኒቱ በውኃ አይሟሟም፤ ይዘቅጥና የመጀመሪያው ሲሪንጅ ምንም ሳይኖረው የመጨረሻው መርዝ ይሆናል።

ከመጠን በላይ የወሰደ ውሻ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ማየት ያቆማል፣ ከዚያም ራሱን ይስታል። ኮሊና መሰል እረኛ ዝርያዎች መድኃኒቱን ከአንጎል የሚያስወጣው ዘረመል የጎደላቸው ብዙ ስለሆኑ በኪሎ 100 ማይክሮ ግራም ገደማ እንኳ ይመርዛቸዋል። ዲቃላም ቢሆን ይህን ሊወርስ ይችላል። በትክክለኛው የ6 ማይክሮ ግራም መጠን ግን እነሱም ችግር የለባቸውም። ለውሻ የተሠራው ክኒን ካልተገኘ፣ ለውሻው ክብደት ቀምሞ መስጠት የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው።

ስለ አዲስ አበባ፦ እጩ ቢምቢ ውስጥ ከ14 ዲግሪ በታች አያድግም። የቀኑ አማካይ ሙቀት ከ14 በላይ ያለው ትርፍ በየቀኑ ተደምሮ፣ ቢምቢዋ በምትኖርበት 30 ቀን ገደማ ውስጥ 130 መሙላት አለበት። አማካዩ 16 ዲግሪ ከሆነ በቀን 2፣ በ30 ቀን 60 ነው፤ አይደርስም። አማካዩ 25 በሆነበት ቆላ ግን በቀን 11 ስለሚደመር በ12 ቀን ይሞላል። ቢምቢዎቹ የሚያርፉበት ሞቃት ቤት ስሌቱን ሊያፋልሰው ቢችልም ደጋው ከቆላው እጅግ ያነሰ አመቺ ነው። እንደ ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ካለ ሞቃት ቦታ የመጣ ውሻ ከሆነ፣ ወይም ከውጭ አገር ያስገባችሁት ከሆነ፣ መመርመሩ ተገቢ ነው።

አይቨርሜክቲን ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በምዕራብ ኢትዮጵያ ለወንዝ ዕውርነት በዘመቻ የሚታደለው ክኒን ይኸው ነው፤ የሁለቱ በሽታዎች ትሎች የአንድ ቤተሰብ ናቸው። መድኃኒቱ የተሠራበትን ንጥረ ነገር ያገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል።

ጥያቄ፦ በኖት ዘዴ (የደሙን ቀይ ሕዋስ በቀጭን ፎርማሊን አፈንድቶ ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ በማየት) ማይክሮፊላሪያ ስፈልግ ዝቃጩ ቀይ ሆኖ ይቀርብኛል። ያየሁትም ትል የልብ ትል መሆኑን እንዴት ልለይ? — የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፣ ቢሾፍቱ

መልስ፦ መጀመሪያ ፎርማሊኑን ተመልከት። የሚያስፈልገው 2 በመቶ ነው፤ 2 ሚሊ ሊትር ከዋናው ፎርማሊን፣ 98 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ። ብዙ ቤተ ሙከራ ለናሙና ማቆያ የተዘጋጀውን 10 በመቶ እንዳለ ይጨምራል፤ እሱ ቀይ የደም ሕዋሱን ሳያፈነዳ ያደርቀዋል። በጨው ውኃ ማቅጠንም ያው ነው፤ ሕዋሱ የሚፈነዳው ውኃው ጨው የሌለው ሲሆን ነው። 1 ሚሊ ሊትር ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ያለበት ደም፣ 9 ሚሊ ሊትር ፎርማሊን፤ ጥርት ያለ የወይን ጠጅ ቀለም እስኪይዝ ገልበጥ ገልበጥ፤ በደቂቃ 1,500 ዙር ለ5 ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ፤ ፈሳሹን በአንድ ጊዜ ድፋ፤ ዝቃጩ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ሜቲሊን ብሉ፤ ስላይድ። ደሙን የቀዳኸው ወደ ማታ ከሆነ ማይክሮፊላሪያው ይበዛል።

ለመለየት ርዝመትና ጫፍ ይታያል። የልብ ትሉ ከ295 እስከ 325 ማይክሮን ይሆናል፤ ራሱ ሾጠጥ ያለ፣ ጅራቱ ቀጥ ያለ ነው። አካንቶኬይሎኔማ ሬኮንዲተም የሚባለው ሌላ የውሻ ትል ልጅ ያንሳል፤ ከ250 እስከ 288፤ ራሱ ደልደል ያለ፣ ጅራቱ አንዳንዴ መንጠቆ የሚመስል። ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል፤ ውሻው በስሕተት አርሴኒክ እንዳይወጋ መለየቱ ለዚህ ነው። አፍሪካ ውስጥ ቆዳ ሥር የሚኖረው ዲሮፊላሪያ ሬፔንስም አለ፤ ከሁለቱም ይረዝማል። አንድ ትል ለክቶ መወሰን አያስተማምን፤ በርከት ያሉትን ለካ። ማይክሮፊላሪያ አለመገኘቱም ውሻው ነጻ ነው አያሰኝም፤ ትሎቹ ወንድ ብቻ ወይም ገና ያልጎለመሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ውስጥ ሕፃንና ድመት አሉ። ከታመመው ውሻ ይይዛቸዋል? — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ከውሻው በቀጥታ አይይዛቸውም። ሰው በቢምቢ ሊነከስ ይችላል፤ ትሉ ግን ሰው ውስጥ ሳይጎለምስ ይሞታል። አልፎ አልፎ ሳንባ ላይ ትንሽ ክብ ጠባሳ ይተውና በራጅ ላይ ካንሰር መስሎ ያስደነግጣል። ድመቷ ግን ልትታመም ትችላለች። የሚገኝባት ትል አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ስለሚሆን የውሻው ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ሜላርሶሚንም ለድመት አይሰጥም። ለእሷ ያለው መንገድ የድመት መከላከያ በየወሩ ነው፤ ከቤት የማትወጣ ብትሆንም ቢምቢ በመስኮት ይገባልና አትዝለሉት።